ስለቱን የማያጓድል ነጋዴ ውሉን ለምን አይጽፍም?

የካዛንቺስና የቂርቆስ አካባቢ ነጋዴ ሁለት የቀን መቁጠሪያ አለው። አንደኛው ኪራይ የሚከፈልበት፣ ደመወዝ የሚሰጥበትና ግብር የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ወር በገባ በ15 ቂርቆስ፣ በ17 እስጢፋኖስ፣ በ22 ዑራኤል እያለ የሚሄደው ነው። በእነዚህ ዕለታት ባለሱቁ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጧፍና ዕጣን ወይም ጃንጥላ ይዞ በማለዳ ደጀ ሰላም ይደርሳል፤ ሱቁንም አርፍዶ ይከፍታል። ዕቃው ከጉምሩክ በሰላም ከወጣለት፣ ጨረታው ከቀናው፣ የታመመበት ከዳነለት፣ ቃል የገባውን ያስገባል።

ስለት የእምነት ጉዳይ መሆኑ አያጠያይቅም። በገበያ ዓይን ለሚመለከተው ሰው ግን ውል ነው። ነጋዴው «ይህ ነገር ከተሳካልኝ ይህን አገባለሁ» ይላል። ካልተሳካ ዕዳ የለበትም። ከተሳካ ደግሞ የተባለው ነገር በተባለው ቀን በተባለው ደጅ መድረስ አለበት። ቅድሚያ ክፍያ የለም፤ ወለድ የለም፤ ዋስ የለም፤ ምስክር የለም፤ የተፈረመ ወረቀትም የለም። እንዲህም ሆኖ በአገራችን እንደ ስለት በታማኝነት የሚፈጸም ውል ማግኘት ይቸግራል። በቂ ስንቅ በሌለው ቼክ ሲካሰስ የሚከርም ሰው እንኳ ለዑራኤል የተሳለውን ምንጣፍ ሳያስገባ ዓመቱ ቢያልፍበት እንቅልፍ አይወስደውም።

የስለት ነገር ከተነሳ ቁልቢ ገብርኤልን ማለፍ አይቻልም። ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ከመዝመታቸው በፊት ተስለው ነበር እየተባለ ይነገርለታል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ወደ ሐረርጌ ይጎርፋል። የሐምሌው በዓል መልአኩ ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያዳነበት መታሰቢያ ነው። ስለዚህ ከቂርቆስ ሰፈር ተነስቶ ቁልቢ የሚወርድ ነጋዴ የሰፈሩን ታቦት ታሪክ ተከትሎ ነው የሚጓዘው ማለት ይቻላል። እዚያም ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ ሻማው፣ ወርቁ፣ በጉና ጥሬ ገንዘቡ ይገባል። በዓይነት የገባው ደግሞ ተሸጦ ወደ ገንዘብ ይለወጣልና አንዱ ሲሸጥ ሌላው ይገዛል፤ ገዢውም መልሶ ይሳልበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለትን ማወደስ ወይም መንቀፍ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ያለ ወረቀት የገባውን ቃል እንዲህ የሚያከብር ነጋዴ፣ ሀብቱን ሁሉ ያለ ወረቀት ይዞ መኖሩ ምን አስከተለበት? መልሱን ለማግኘት አንድ ጊዜ ራቅ ብለን የሌላ አገር ነጋዴ የሚሳልበትን ደጅ ብናይ አይከፋም።

የጃፓን ነጋዴ ደጅ

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ጃፓን ለእኛ አገር ተመልካች የቅናት አገር ሆና ቆይታለች። ከጊዜ በኋላም ካይዘንን ቀድተን ተቋም አቋቁመንለታል። የጃፓን ነጋዴ የሚሳልበትን ደጅ ግን እምብዛም አላየነውም።

ሺንቶ በሚባለው ጥንታዊ የጃፓን እምነት ኢናሪ የሚባል አምላክ አለ። መነሻው የሩዝ አምላክ ነው። ሩዝ ለጃፓን ገበሬ ጤፍ ለእኛ ገበሬ እንደሆነው ያለ ነገር ከመሆኑም በላይ፣ በድሮ ዘመን ግብርም ደመወዝም የሚለካበት ሀብት ነበር። ከተሞች ሲያድጉና የነጋዴው መደብ ሲጠነክር የሩዝ አምላክ የንግድና የብልጽግና አምላክ ሆነ። ዋናው ቤተ መቅደስ ፉሺሚ ኢናሪ ሲሆን በኪዮቶ ከተማ በኢናሪ ተራራ ግርጌ ይገኛል፤ የተመሠረተውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ711 ነው ይባላል። በመላው ጃፓን ለኢናሪ የቆሙት ቤተ መቅደሶች ከ30,000 በላይ እንደሆኑ ይገመታል። የአምላኩ መልእክተኞች ናቸው የሚባሉት ቀበሮዎች ሲሆኑ፣ በየበሩ ከቆሙት የድንጋይ ቀበሮዎች አንዳንዶቹ የሩዝ ጎተራውን ቁልፍ በአፋቸው ይዘዋል።

ፉሺሚን በዓለም ያሳወቁት በተራራው መንገድ ላይ ተደርድረው የቆሙት ቀይ የእንጨት በሮች ናቸው። ብዛታቸው ወደ 10,000 ይጠጋል። እነዚህን በሮች ያቆማቸው መንግሥት አይደለም፤ ስለታቸው የሰመረላቸው ነጋዴዎችና ኩባንያዎች ናቸው። የበሩ ዋጋ እንደ መጠኑና እንደሚቆምበት ቦታ ይለያያል። እንጨት ነውና ከዓመታት በኋላ ይበሰብሳል፤ ያን ጊዜ ይነሳና አዲስ ይተካል።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ያለው በበሩ ጀርባ ነው። እያንዳንዱ በር ላይ የሰጪው ስምና የተሰጠበት ቀን ተቀርጾ ይነበባል። ከተራራው ወደ ታች የሚወርድ ሰው በጃፓን የንግድ መዝገብ ውስጥ እንደሚሄድ ያህል ነው፤ የትኛው ድርጅት መቼ እንደቀናው፣ የትኛውስ ስለቱን እንዳደሰ ያነባል። የነጋዴው መልካም ስም በቀይ ቀለም መካከል ተጽፎ በአደባባይ ቆሟል።

በቃል ያለ ይረሳል

አንባቢ እዚህ ላይ እንዲረዳልን የምንፈልገው ነገር አለ። የጃፓኑን አምልኮ ከእኛ ቅዱሳን አማላጅነት ጋር አስተካክለን አላየነውም፤ እናስተካክለው ብንልም አንችልም። ስለታችሁን በአደባባይ ጻፉ ማለታችንም አይደለም። ምጽዋት በስውር ይሁን የሚለው ትምህርት የቆየና የተከበረ ነው። በስለት ላይ ወረቀት ቢቀር የሚጎዳ የለም፤ ተቀባዩ አይረሳምና።

ጉዳቱ የሚመጣው የስለቱን ልማድ ወደ ገበያው ስንወስደው ነው። ነጋዴው ከአከፋፋዩ ጋር ያለው ዱቤ በቃል ነው። ዱቤ የሰጠበት ደብተር ቢኖረውም ባለዕዳው አይፈርምበትም። ሱቁን ሲከራይ የከፈለው የቁልፍ ገንዘብ በቃል ነው። የጃፓኑ ቀበሮ የጎተራውን ቁልፍ በአደባባይ ሲይዝ፣ የእኛ ሰው ቁልፍ የሚገዛውና የሚሸጠው በሻይ ቤት ጥግ ነው። ከወንድሙ ጋር የያዘው ሽርክና በቃል ነው። ዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ቢኖረውም ደብተሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በጸሐፊው ቤት ነው።

በዚሁ ሰፈር አብሮ የሚነግደውን ሙስሊም ወገናችንን እንይ። ዘካ ለማውጣት ሀብቱን በዓመት አንድ ጊዜ መቁጠር ግድ ነው። የንግድ ዕቃው፣ በእጁ ያለው ገንዘብና ይመለስልኛል የሚለው ዱቤ ተደምሮ፣ የሚፈለግበት ዕዳ ተቀንሶ፣ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያላነሰ ሀብት ዓመት ከሞላው ከመቶ 2.5 ይወጣለታል። ሥርዓቱን በትክክል የሚፈጽም ነጋዴ ሒሳብ ባለሙያ ሳይቀጥር በዓመት አንድ ጊዜ የሀብትና የዕዳ መግለጫ ሠራ ማለት ነው። ክርስቲያኑም አሥራት በትክክል ላውጣ ቢል ትርፉን ማወቅ አለበት። ከአሥር አንዱን ለማውጣት አሥሩን መቁጠር ይቀድማልና። እንግዲህ መጻፍና መቁጠር ከእምነታችን ውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ምን ፈረሰ?

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው መጠሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ አዳራሽና ሒልተን በአቅራቢያው ሲሠሩ፣ ሰፈሩ ከላይ የዲፕሎማት፣ ከታች የልኳንዳ፣ የአዝማሪ ቤት፣ የፀጉር ቤትና የትንንሽ ሱቆች ሰፈር ሆነ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የካዛንቺስ ነጋዴ በአብዛኛው መሬቱም የእሱ አይደለም፤ ቤቱም የእሱ አይደለም። የእሱ የሆነው ደንበኛው፣ ዱቤው፣ ዕቁቡ፣ ዕድሩና ስሙ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማቱ ሥራ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ከነዋሪውም ብዙው እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳር ሰፈሮች ተዛወረ። ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ሕንፃው ውበት፣ እንዲሁም ስለ ተነሺው እንግልት ብዙ ተብሏል። በገበያ ገጽ ላይ ሊነሳ የሚገባው ግን በቂ አልተባለለትም። ቤቱ ሲፈርስ አብሮ የፈረሰው የንግድ ሀብት ስንት ነበር?

የንግድ ሕጋችን ይህን ሀብት ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብር ማለት ከሁሉ በፊት መልካም ዝና ነው ብሎ ደንግጓል፤ ይኸውም ደንበኛ ወደዚያ ሱቅ እንዲመለስ የሚያደርገው ዋጋ ያለው ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም መደብርን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ሀብት መመልከቱን አልተወም። ስለ ቦታ ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከንብረት ካሳ ሌላ ለኢኮኖሚ ጉዳትና ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዳለ ይናገራል። አዋጁ ኋላ ማሻሻያ ቢደረግበትም ሐሳቡ በሕግ ቋንቋ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ገማች የሚገምተው ያየውን ነው። ቆርቆሮው ይታያል፣ ግንቡ ይለካል፣ ካርታው ይነበባል። ሠላሳ ዓመት የተገነባው የዱቤ መረብ አይታይም። ከተከራይ ላይ የተከራየ ነጋዴ ውል ካላሳየ፣ ገቢዬ ይህን ያህል ነበር የሚል መዝገብ ካላቀረበ፣ ለገማቹ እንዳልነበረ ነው። ባለሱቁም አዲስ ሰፈር ገብቶ በሩን ሲከፍት ከዜሮ ይጀምራል። የድሮ ደንበኛው በአራት አቅጣጫ ተበትኗል። ዱቤ የወሰደበት ሰው የት እንደሄደ አይታወቅም። አከፋፋዩ በአዲሱ ሰፈር አያውቀውምና እጅ በእጅ ካልሆነ ዕቃ አይሰጥም። ዕቁብተኛው ተለያይቷል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የቅርቡ ጎረቤት በአንድ ወር ውስጥ ሩቅ ሲሆን ምን እንደሚባል ግን አባቶቻችን አልነገሩንም።

ስም በሰፊው የታወቀ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያድን ደግሞ ፈንድቃ ምስክር ነው። የካዛንቺሱ የአዝማሪ ቤት ፈንድቃ ከሌሎቹ ጋር ሲፈርስ፣ ስሙ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች የታወቀ፣ በፊልምና በጽሑፍ የተመዘገበ ስለነበር ስሙ አልፈረሰም። ጎኑ የነበረው ልኳንዳ ቤት ግን እንዲህ ያለ ምስክር ከየት ያምጣ?

የጊንዛው የአፈር ቧንቧ

ማፍረስና መሥራት በእኛ ከተማ የተጀመረ አይደለም። በቶኪዮ ከተማ ጊንዛ የሚባለው ሰፈር መሬቱ ከዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። እዚያም ድሮ በየመንደሩ ትንንሽ የኢናሪ ቤተ መቅደሶች ነበሩ። ሕንፃ በሕንፃ ላይ ሲነባበር ሁሉም አልጠፉም፤ አንዳንዶቹ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ ሕንፃው ጣሪያ ወጡ። አሳሂ ኢናሪ የሚባለው በአንድ የጊንዛ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው ያለው። ቤተ መቅደስ ከመሬት መለየት የለበትም የሚል እምነት ስላለ፣ ከመሬት እስከ ጣሪያው ድረስ አፈር የተሞላ ቧንቧ ተዘርግቶለታል። ሕንፃው ሰማይ ጠቀስ ሆነ፤ ከመሬቱ ጋር ያለው ግንኙነት ግን አልተቆረጠም።

ለካዛንቺስ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቧንቧ ነው። የቂርቆስ፣ የእስጢፋኖስና የዑራኤል አብያተ ክርስቲያናት በቦታቸው አሉ። ከሩቅ ሰፈር ሁለት ታክሲ ለውጦ በ22 ዑራኤል የሚመጣ የድሮ የካዛንቺስ ነጋዴ ዛሬም አለ። ጸሎቱን አድርሶ የሚመለሰው ግን ወደማያውቀው ገበያ ነው። ነጋዴው ከታቦቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳይቆርጥ ከገበያው ጋር ያለው ለምን ይቆረጥ?

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ጉዳዩ የሚመለከተው ነጋዴውን ራሱን ነው። ኪራዩን በውል ያድርግ፤ ውሉም በሚመለከተው ክፍል ይመዝገብ። ዱቤ ሲሰጥ ባለዕዳው ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም። የቁልፍ ገንዘብ ከከፈለ ለምን እንደከፈለ በወረቀት ይያዝ። ይህ ከክርክር ለመዳን ብቻ አይደለም። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የሱቅ ዕቃና ተሰብሳቢ ዱቤ ጭምር ለብድር ዋስትና ሊመዘገብ ይችላል። ቤትና መሬት የሌለው ነጋዴ ባንክ ደጅ ሲቆም የሚያቀርበው ይህንኑ ነው። ያልተጻፈ ዱቤ ግን ባንክ ፊት ወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቁቦች ደብተራቸውን በሁለት ቅጂ ይያዙ፤ ለየአባሉም ስንት እንደጣለና መቼ እንደወጣለት የሚያሳይ ወረቀት ይስጡ። አሥር ዓመት ዕቁብ ሳያቋርጥ የጣለ ሰው ያለው የብድር ታሪክ ከብዙ የባንክ ደንበኛ ይበልጣል፤ የጎደለው ማስረጃው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው «ብጽፍ ግብር ሰብሳቢ ያገኘኛል» ይለናል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም፤ መዝገብ ያቀረበ ሰው ተጠርጥሮ ያላቀረበው በድርድር ሲያልፍ ያየ ነጋዴ ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሒሳቡን ቁጭ ብለን እናስበው። መዝገብ የሌለው ነጋዴ በግምት ይተመንበታል፤ ግምቱ ሲበዛበት የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። ሱቁ ሲነሳ ደግሞ ያው የተደበቀው ገቢ ተደብቆ ይቀራል። ከግብር ሲሸሽ አነስተኛ ገቢ አለኝ ያለ ሰው፣ ካሳ ሲሰላ ብዙ ነበረኝ ቢል ማን ያምነዋል? በዓመት የምታድነውን ግብር ሠላሳ ዓመት ከገነባኸው መደብር ዋጋ ጋር አመዛዝነው።

ሦስተኛው የከተማው አስተዳደርና በካዛንቺስ የሚገነቡ ባለሀብቶች ድርሻ ነው። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት ከሚሠሩት ሱቆች የተወሰኑት፣ በሰፈሩ ይነግዱ እንደነበር ማስረጃ ለሚያቀርቡ ነጋዴዎች በቅድሚያ የመከራየት መብት ቢሰጥባቸው ምን ይጎዳል? በነጻ ይሰጣቸው አላልንም፤ በገበያ ዋጋ ይከራዩ፤ ነገር ግን መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ። ባለሕንፃውም ይጠቀማል። ደንበኛ ይዞ የሚመጣ ተከራይ፣ ባዶ መስታወት እያጸዳ ገበያ ከሚጠብቅ ተከራይ ይሻላልና። እንዲህ ያለ ደንብ ቢወጣ፣ ነገ በሌላ ሰፈር የሚነሳው ነጋዴ ከዛሬ ጀምሮ ወረቀቱን ለማዘጋጀት ምክንያት ያገኛል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የፉሺሚው በር እንጨቱ በስብሶ ሲነሳ እንኳ በሚተካው አዲስ በር ላይ የሰጪው ስምና ቀን ይጻፋል። የእኛ ከተማ መፍረስና መሠራቱ ገና አላበቃም። ቀጣዩ ሰፈር የትኛው እንደሚሆን የሚያውቅ ነጋዴ የለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ደብተር ገዝቶ፣ ማን ስንት እንዳለበትና እሱ ለማን ስንት እንዳለበት ቢጽፍ፣ ያስፈረመውንም ቢያስፈርም፣ ቢያንስ ቤቱ ሲነሳ ይዞት የሚሄደው ነገር ይኖረዋል።